የማክሰኞዋ አትጠገብ

ለአትጠገብ፣ ለቤቴ እመቤት፤

ከተለየሽኝ ሰባት ወር ሞላ። መንፈቅሽን ካወጣን ደግሞ ወር ሊሆን ነው። ተዝካሩ ደህና ነበር። ባሱንዳ ያሉት ዘመዶችሽ መንገዱ በጭቃ ሳይዘጋ ደረሱ፣ ቄሱ ጸሎቱን ሳያስረዝሙ ጨረሱ፣ ሰዉም በልቶ ዝናቡ ሳይጥል ወደ ቤቱ ሄደ። አንቺ ብትኖሪ ወጡ ጨው አንሶታል ትዪ ነበር። አንሶትም ነበር፤ ለማንም አልተናገርሁም።

ደብዳቤ መጻፍ እንደማልወድ ታውቂያለሽ። እዚህ ገዳሪፍ በኖርንበት ዘመን ሁሉ አገር ቤት ላሉት የሚጻፈውን የምትናገሪው አንቺ ነበርሽ፤ እኔ እጄን ብቻ ነበር የማበድረው። ከራሴ የምጨምረው መጨረሻ ላይ "እኔም ደህና ነኝ" የምትለዋን ነበር። ወባ ይዞኝ ስንቀጠቀጥ እንኳ እሷኑ እጽፍ ነበር። ዛሬ ግን የምነግርሽ ነገር አለኝ፤ ከሌላ ከምትሰሚው ከእኔ ብትሰሚው ይሻላል። የሰፈራችን ሽማግሌ አንድ አንድ እያለ ወደ እናንተ መምጣቱን አላቆመምና፣ አንዱ ይዞልሽ እንዳይመጣ ብዬ ነው። ያስማልሽኝን መሐላ አፍርሻለሁ። እንዴት እንደ ሆነ በተራ ልንገርሽ።

በመጀመሪያ የቤቱን። ዚሩ፣ ያ ትልቁ የውሃ እንስራሽ፣ በሙቀቱ ወር ከሥሩ ተሰነጠቀ። ሰብለ በፕላስቲክ በርሜል ተካችው። ውሃው ይሞቃል፤ ግን አይሰበርም ትላለች ልጅሽ። ከግቢው ኒም ወደ አጥሩ ያዘነበለውን ቅርንጫፍ አስቆርጠናል፤ ዛፉ አሁን አንድ ወገኑን የተላጨ ሰው ይመስላል። የጎረቤቱን ቤት ከካርቱም በጦርነቱ የተፈናቀሉ ሰዎች ተከራይተውታል። ጨዋ ሰዎች ናቸው፣ ሬዲዮ ብቻ ያበዛሉ። ሰብለ ከተቀበርሽ በሳምንቱ ዕቃዋን ጠቅልላ እኔ ዘንድ ገባች። አባባ ብቻህን አትሆንም፣ ኻላስ፣ አለችኝ። ነገሯን በዐረብኛ ከዘጋች ክርክር እንደማይሠራ ታውቂያለሽ። ምርኩዝሽን እኔ ይዤዋለሁ። ለቁመቴ አጭር ስለ ሆነ ስሄድ እጎብጣለሁ። አዲስ ይገዛልህ ብላኝ ነበር፤ እምቢ አልሁ፤ ምክንያቱንም አልጠየቀችኝም።

ሐኪሟ ዶክቶራ ሐናን አሁንም ትመጣለች። ማክሰኞ ግን አይደለም። ለምን እንደ ተወችው እደርስበታለሁ።

መጀመሪያ የመጣችበትን ቀን ታስታውሺ እንደ ሆነ እንጃ። እሷም ከካርቱም የተፈናቀለች ናት፤ ሐኪም ቤት ድረስ መሄድ ያቃታቸውን አዛውንቶች በየቤታቸው እየዞረች ታያለች፣ የእናንተ ሰፈር ተራ ማክሰኞ ነው ተብሎ ተነገረን። አንቺ ከዚህ ሁሉ የሰማሽው እንግዳ ይመጣል የሚለውን ብቻ ነው። እኔም ብሆን የሰማሁት ያንኑ ነው። እኛ በተወለድንበት አገር ከውጭ መጥቶ በር የሚያንኳኳ ሁሉ እንግዳ ነው፤ እንግዳ ፊት ደግሞ ገመና አይገለጥም። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" የሚለውን ተረት ሁለታችንም አሳምረን እናውቅ ነበር። የምንተርተው ግን ለሰው ነበር።

ከእሑድ ጀምረሽ ጉልበት ታጠራቅሚ ነበር። ቅዳሴውን እንኳ ለማክሰኞ ብለሽ ትተሽ እቤት ቀርተሻል፤ ይህን ለንስሐ አባታችን አልነገርሁም። ሰኞ ቀኑን ሙሉ በገመዱ አልጋ ላይ ትውያለሽ። ወደ አሥር ሰዓት ግቢው ጥላ ሲይዝ ልምምድ እንጀምራለን። ዶክቶራ በመጣች ቁጥር ከበሩ እስከ ኒሙ ሄደሽ እንድትመለሺ ታዝሽ ነበርና፣ እኛም ሰኞ ሰኞ ያንኑ እናጠና ነበር። መጀመሪያ ክንድሽን ይዤ፣ ቀጥሎ ለቅቄ፣ በመጨረሻ ከኋላሽ እጄን ዘርግቼ። አሥራ አራት እርምጃ መሄጃ፣ አሥራ አራት መመለሻ። ኒሙ ጋ ስትደርሺ ዛፉን እንደምትመለከት ሰው ሆነሽ መዳፍሽን ግንዱ ላይ አሳርፊ፣ ትንፋሽሽ እስኪመለስ ስለ ቅጠሉ የሆነ ነገር ተናገሪ ብዬ ያስተማርሁሽ እኔ ነኝ። በዚህ ብልሃቴ ያኔ ኮርቼ ነበር።

ማክሰኞ ሊነጋጋ ሲል ትነሻለሽ። አልጋው ይነጠፋል፣ ምንጣፉ ይራገፋል፣ ወንበሩ ይወለወላል። ምርኩዝሽን ከዚሩ ኋላ መደበቅ፣ ፖፖውን ከዱቄቱ ማዳበሪያ ጀርባ መሸሸግ የእኔ ሥራ ነበር። ነጭ ቀሚስሽን ለብሰሽ፣ ከላይ ያችን ሰማያዊ ቶብ ጥለሽ፣ ከርከዴውን፣ ያን ቀይ የአበባ መጠጥ፣ በዚሩ ውሃ አቀዝቅዘሽ፣ የሰሊጥ ጣፋጩን በሳህን ደርድረሽ ትጠብቂያታለሽ። ባዶ አፏን እንዳትሄድ። ዶክቶራ ከባለ ሦስት እግሩ ራክሻ ወርዳ በሩን ስታንኳኳ አንቺ አራት ሰዓት ሙሉ ስትሮጪ ያረፈድሽ ሴት ነሽ። ጉንጭሽ ይቀላ ነበር። ደርባባ መስለሽ ስትቀመጪ ልብሽ በቀሚስሽ ላይ ሲመታ እኔ አየው ነበር።

እሷም ያን ጊዜ የደም ግፊት መለኪያውን ክንድሽ ላይ ትጠመጥማለች። ከፍ ብሏል ትላለች። ያ ኻልቲ፣ አክስቴ፣ ራስሽን ያዞርሻል? ደህና ነኝ ትያለሽ፣ ተማም። ስትነሺ ዐይንሽ ይጨልምብሻል? ተማም። ወድቀሽ ታውቂያለሽ? ያኔ ትስቂ ነበር፤ ከሰርግ መጣሽ ወይ ብላ የጠየቀችሽ ይመስል። ተማም፣ ተማም። ከዚያ ወደ እኔ ትመለከታለች፤ እኔም ልክ ናት ብዬ ራሴን እነቀንቃለሁ። ከዚያ አሥራ አራቱን እርምጃ ቀጥ ብለሽ ትሄጃለሽ፣ ኒሙን ታደንቂያለሽ፣ ትመለሻለሽ። ልጅቱ ደስ ብሏት ከርከዴዋን ትጠጣለች። ክኒንሽን መጀመሪያ ከግማሽ ወደ ሙሉ አደረገችው። ከዚያ ሁለተኛ ዓይነት ጨመረችበት። ግፊቱ ማክሰኞ ማክሰኞ አልወርድ ብሏታላ።

ከረቡዕ እስከ ሰኞ የነበረችውን አትጠገብ ግን እሷ አላየቻትም። ከአልጋ ስትነሳ ግድግዳ የምትይዘውን። "አንተ ሰው፣ ምድሪቱ ዞረች" ብላ የምትጠራኝን። መጀመሪያ የወደቅሽው ዚሩ አጠገብ ነው፤ ጣሳው ከእጅሽ አልወጣም ነበር። ከመሬት አንስቼሽ ሳልጨርስ በማርያም ማልልኝ አልሽኝ፤ ለዶክቶራም፣ ለሰብለም እንዳልናገር። ሰው አልጋ ላይ ገልብጦ ያየኛል፣ ሐኪም ቤት ወስደው ከማላውቀው ሰው መሀል ያስተኙኛል፣ ከዚያ አልመለስም አልሽ። ማልሁ። ሁለተኛው መታጠቢያው ጋ ነው። ሦስተኛው ከአልጋሽ እንደ ተነሳሽ፣ ምንም ሳይነካሽ፣ ባዶ ወለል ላይ። በየጊዜው አነሳሁሽ፣ አቧራሽን አራገፍሁ፣ ዝም አልሁ።

ሞኝ ሆኜ አይደለም። መፋዛ እርሻ ላይ ትራክተር ስነዳ የእርሻው ባለቤት የሚመጣበትን ቀን አስቀድመን እንሰማ ነበር። ያን ዕለት ሞተሩን አጥበን፣ ዘይቱን ሞልተን፣ የሚጮኸውን ነገር በጨርቅ አስረን እናቆምለት ነበር። ሰውየው ዞር ዞር ብሎ አይቶ አመስግኖን ይሄዳል። በሦስተኛው ቀን ትራክተሩ እርሻው መሀል ቀጥ ይላል። እኔው ራሴ ስንት ጊዜ አብሬው ፀሐይ ላይ ተገትሬያለሁ። ይህን የማውቅ ሰው አንቺን በየማክሰኞው አጥቤ አቆምሁሽ።

አንቺን ግን አልወቅስም። ከመተማ ወደ ገላባት በእግር የተሻገርንበትን ቀን ሳስብ ነገሩ ይገባኛል። ከተጋባን ዓመት እንኳ አልሞላንም ነበር። ወባው እንደ እሳት ያቃጥልሽ ነበር፣ የድንበሩ ጠባቂዎችም በሽተኛ የመሰላቸውን ሁሉ ወደ ጎን ያቆሙ ነበር። ጓዙን ለእኔ ሰጠሽኝ፣ መቀነትሽን አጠበቅሽ፣ በፊታቸው እንደ ሙሽራ ቀጥ ብለሽ አለፍሽ። ከመጨረሻው ጎጆ ኋላ ስንደርስ ነው ጉልበትሽ የተፈታው። እኔ ወጣት ነበርሁ፤ ብርቱ ሴት አገባሁ ብዬ ተደሰትሁ። እንግዲህ ያ መንገድ ስላሻገረሽ፣ እስከ መጨረሻው የሚያሻግር መስሎሽ ይሆናል። እኔም መስሎኝ ነበር።

አራተኛው መውደቅሽ ዓርብ ዕለት ነው። ዳሌሽ ተሰበረ። የፈራሽው ሐኪም ቤት ገባሽ፣ ከማታውቂው ሰው መሀል ተኛሽ። ዶክቶራ እዚያም መጥታ ጎበኘችሽ። ያ ዓሚ፣ አጎቴ፣ ከዚህ በፊት ወድቃ ታውቃለች? አለችኝ። አንቺ ትራስሽ ላይ ሆነሽ ትመለከቺኝ ነበር። የለም፣ የመጀመሪያዋ ነው አልኋት። ዐይንሽን ከደንሽ፤ እንደ ተደሰትሽብኝ ገባኝ። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ተለየሽኝ።

በቀብርሽ ላይ እንደ ደንቡ አላለቀስሁም። ሰውም ሳያየው አልቀረም። ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ የሚጠጣውን ውሃ ስቆጣጠር ዋልሁ። ልቤ የት እንደ ሄደ ለራሴም አልገባኝም ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ዶክቶራ እኔን ከመዝገቧ አስገባችኝ። የመጀመሪያ ቀን ግፊቴን ተኝቼ ለካችው፤ ከዚያ ተነስ አለችና ቆሜ ደግሞ ለካችው። ሁለት ጊዜ ለምን አልኋት። አንዳንድ አዛውንት ሲነሱ ግፊታቸው ይወድቃል፤ ሥራ በዝቶባቸው ወይም ደንግጠው ከፍ ባለበት ሰዓት ብቻ ተለክቶ ክኒን ከተጨመረባቸው ደግሞ በሌላው ቀን ይዞራቸዋል፣ ይወድቃሉ፤ መውደቃቸውን የሚነግረኝ ካለ እቀንሰዋለሁ አለችኝ። እንዲያው ስለ አዛውንት ሁሉ ነው የተናገረችው። ስለ አንቺ አልነበረም፤ ስለ አንቺማ ምን ታውቃለች። የማውቀው እኔ ነበርሁ። ሰብለ ያቀረበችውን ከርከዴ እጄ ላይ እንደያዝሁ ቀረሁ። ዶክቶራ ወጥታ እንደ ሄደች ከኒሙ ሥር ተቀምጬ አለቀስሁ፣ አትጠገብ። በቀብርሽ የቀረውን ሁሉ። የጎረቤቱ ሬዲዮ ስለሚጮህ የሰማኝ የለም።

እንደዚያም ሆኖ አልተናገርሁም። መሐላ ነዋ። ወራት አለፉ።

ባለፈው ሰሞን ግን እኔ ራሴ ወደቅሁ። ከበርሜሉ ውሃ ልቀዳ ጎንበስ ብዬ ቀና ስል ነው። ሰብለ ገበያ ነበረች። በምርኩዝሽ ተመርኩዤ ተነሳሁ፣ ሱሪዬን አራገፍሁ፣ ለማንም ትንፍሽ አላልሁም። ሰኞ ሲሆን ሰብለ ለነገ ብላ ጢሜን ላጨችኝ፣ ነጩን ጀላቢያ አጠበችልኝ። እኔም ወደ አሥር ሰዓት ግቢው ጥላ ሲይዝ ከበሩ ተነስቼ ወደ ኒሙ ስሄድ ራሴን አገኘሁት። እርምጃዬን እየቈጠርሁ። ለእኔ አሥራ ሁለት ነው። ኒሙ ጋ ደርሼ እጄን ግንዱ ላይ አሳረፍሁ። ያንን ቦታ ታውቂዋለሽ፤ ቅርፊቱ እዚያ ጋ ለስልሷል፤ የአንቺ መዳፍ ነው ያለሰለሰው። እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ ልምምዱን ትቼ ገባሁ።

ማክሰኞ ጠዋት ሰብለን አልጋውን አታንጥፊ፣ ምርኩዙን ከበሩ ዳር ተዪው፣ ፖፖውንም ካለበት አታንሺው አልኋት። አባባ ሰው ምን ይለናል ብላ ፊቷ ተለዋወጠ። የእናትሽን ቃል ነው የተናገርሽው አልኋት። ዶክቶራ መጣች፣ ተቀመጠች፣ እንደ ልማዷ ወድቀህ ታውቃለህ ብላ ጠየቀችኝ። አንድ ጊዜ አልሁ። ጻፈች። አትጠገብ ደግሞ አራት ጊዜ አልሁ። እስክሪብቶዋ ቆመ።

ከዚያ ሁሉንም ነገርኋት። እሑዱን፣ የሰኞውን ጥናት፣ አሥራ አራቱን እርምጃ፣ ከዚሩ ኋላ የነበረውን ምርኩዝ፣ የዛፉን ግንድ። ሐኪም ቤት የዋሸኋትንም። ሰብለ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር፤ ለእሷም አዲስ ነበር፤ ሦስት ቀን አላናገረችኝም። ዶክቶራ ግን አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ እመርጥ ነበር። ቦርሳዋን በርብራ ያለፈውን ዓመት ደብተር አወጣችና የአንቺን ገጽ ከፈተች። ማክሰኞ፣ ደህና ትሄዳለች። ማክሰኞ፣ ደህና ትሄዳለች። እስከ ታች ድረስ ያው ነው። ኋላ፣ ያ ዓሚ፣ እኔም እኮ ያን ከርከዴ እጠጣ ነበር አለች። ቤቱ አምሮ ሳየው ደስ ይለኝ ነበር፤ እንዲያ ባማረ ቤት ማን ይወድቃል ብዬ አስባለሁ። ከዚያ ከገጹ ሥር አራት ጊዜ ወድቃ ነበር ብላ ጻፈች። ለማን እንደሚጠቅም እንጃ፤ ግን ጻፈችው።

ከዚያ ወዲህ የማክሰኞው ተራ ቀርቷል። ባሰኛት ቀን፣ ባልታሰበ ሰዓት፣ ሳታስነግር ትመጣለች። ሰፈሩ ተቆጥቷል። ፀጉሬን ሳልሠራ፣ ቤቱ ሳይጠረግ ትገባብኛለች ያሉ አሉ፤ ነገሩን ያመጣው የአትጠገብ ባል ነው ብለውም አኩርፈውኛል። ከማዶው መንገድ አንዲት አሮጊት ግን ግድግዳ ይዛ ስትሄድ ዶክቶራ ደርሳባት ክኒኗን ቀነሰችላት። አሁን ያለ ግድግዳ ትሄዳለች። ማን እንደ ሆነች አልነግርሽም፤ ገመና ነው።

መሐላውን ለንስሐ አባታችን ተናዝዣለሁ። ስንት ስግደት ትችላለህ አሉኝ። አንድም አልችልም አልሁ። እንግዲያስ ተቀምጠህ አርባ ጊዜ አቡነ ዘበሰማያት በል አሉኝ። ብያለሁ። የእሳቸው ይቅርታ እንዲህ ተፈጽሟል፤ የአንቺን ግን እሳቸው ሊሰጡኝ አይችሉም። አንቺ ስትፈቅጂ።

በተዝካርሽ ቀን ሰዉ ሁሉ ያነሳው የማክሰኞዋን አትጠገብ ነው። ወገቧ ቀጥ ያለውን፣ ቤቷ የማይዝረከረከውን። ያንሷት፤ እሷም እውነት ናት። ሌላዋን ግን ከእኔ በቀር ያያት የለም። ፀጉሯን እያጣመምሁ ያበጠርሁላትን፣ ሰኞ ሰኞ ሙሉ ክብደቷን ትከሻዬ ላይ ጥላ የምትሄደውን፣ ጣሳ እንደያዘች ወድቃ በማርያም ማልልኝ ያለችኝን። እኔ ከረሳኋት ያልነበረች ትሆናለች። ስለዚህ ዕድሜ እስከ ሰጠኝ ድረስ የማስታውሳት እሷን ነው። ይህን ሳልምል ነው የምነግርሽ፤ መሐላዬ ምን እንደሚያክል አይተሻል።

ሌላ አዲስ ነገር የለም። ዝናቡ ደህና ነው፣ ማሽላው በቅሏል፣ ሰብለ ሰላም ትልሻለች። እኔም፣ አትጠገብ፣ እኔ ደህና አይደለሁም።

ያንቺው አለልኝ